ልዑል ዓለማየሁ ፎቶ የተነሣበትን የባሕር ዳር መንደር ለመጎብኘት፦ የፍሬሽዎተር ቤይ መመሪያ

ከእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ ማዶ በምትገኘው የአይል ኦፍ ዋይት ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ፍሬሽዎተር ቤይ የሚባል ትንሽ የባሕር ዳር መንደር አለ። ከባሕሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ዲምቦላ የተባለ አሮጌ ቤት ይገኛል። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ ሻይ ቤትና አነስተኛ የአትክልት ቦታም አለው። በዚህ ቤት ትኖር የነበረችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 ጁላይ ወር የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ዓለማየሁን ፎቶ አንሥታዋለች። መቅደላ ከወደቀች ገና ሦስት ወር መሙላቱ ነበር፤ ልጁም የሰባት ዓመት ልጅ ነበረ።

የልዑሉ ነገር ሲነሣ ሁሉም የሚጠቅሰው የተቀበረበትን ዊንድሰርን ነው። እኔ ግን አስቀድሞ ወደዚህ መንደር መምጣት ይሻላል ባይ ነኝ። ዊንድሰር ላይ የሚታየው የመታሰቢያ ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ግን ልጁ በሕይወት ያያቸው የኖራ ድንጋይ ገደሎችና ባሕሩ አሁንም አሉ። ጉዞው አድካሚ ስላልሆነም ልጆችንና አረጋውያንን ይዞ መሄድ ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቤት ሳትወጡ

በመጀመሪያ ሙዚየሙ በምትሄዱበት ቀን ክፍት መሆኑን በድረ ገጹ ወይም በስልክ አረጋግጡ። ይህን ለወጉ ያህል የምለው አይደለም። እንዲህ ያሉ የመንደር ሙዚየሞች እንደ ለንደኖቹ ሳምንቱን ሙሉ ክፍት አይሆኑም፤ በተለይ በቅዝቃዜው ወራት የሚከፍቱባቸው ቀናት ያንሳሉ። ሻይ ቤቱና ሙዚየሙም የየራሳቸው ሰዓት ሊኖራቸው ስለሚችል ሁለቱንም ጠይቁ። በዚያው ስልክ የዓለማየሁ ፎቶግራፍ በዚያን ሰሞን ተሰቅሎ እንደሆነ ጠይቁ፤ ኤግዚቢሽኖች ይለዋወጣሉና።

ሁለተኛው ዝግጅት ፎቶግራፎቹን አስቀድሞ ማየት ነው። የካሜሮን ሥራዎች ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ተበትነው ይገኛሉ፤ የልዑሉንና የእርሷን ስም አንድ ላይ አድርጋችሁ በኢንተርኔት ብትፈልጉ ታገኟቸዋላችሁ። አንደኛው ልጁን ብቻውን ያሳያል። በሌላው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ አብሮት አለ፤ የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ ይሉት የነበረው ነው። ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ነበር፤ ቀደም ሲልም የዐፄ ቴዎድሮስን ወታደሮች አሠልጥኗል። ምስሎቹን በስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። ሙዚየሙ ውስጥ ተሰቅለው ባታገኟቸው እንኳ በተነሡበት መንደር ሆናችሁ ልትመለከቷቸው ትችላላችሁ።

ስለ ወቅቱ፦ ሜይ፣ ጁን እና ሴፕቴምበር ተስማሚ ናቸው። በኦገስት የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ ደሴቲቱ በቤተሰብ ትሞላለች፤ የመርከቡም ዋጋ ይንራል። በጁን ደግሞ ትልቁ የሙዚቃ ፌስቲቫል የሚካሄድበትን ሳምንት አጣርታችሁ ሽሹት፤ ለሙዚቃው ካልሄዳችሁ በስተቀር።

መንገዱ

ወደ ደሴቲቱ የሚያሻግሩ መርከቦች ከፖርትስመዝ፣ ከሳውዝሃምፕተንና ከሊሚንግተን ይነሣሉ። ለዚህ ጉዞ የሚበጀው የሊሚንግተኑ ነው፤ ሌሎቹ የሚያወርዷችሁ በደሴቲቱ ሰሜንና ምሥራቅ ስለሆነ ደሴቲቱን ማቋረጥ ሊኖርባችሁ ነው።

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ተነሥታችሁ ብሮከንኸርስት ላይ ባቡር ትቀይራላችሁ። እስከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ከዚያ የምትይዙት አጭር ባቡር የመጨረሻው ፌርማታ ሊሚንግተን ፒር ነው፤ ስትወርዱ መርከቡ አጠገባችሁ ይሆናል። መርከቡ አርባ ደቂቃ ያህል ተጉዞ ያርመዝ ወደተባለችው ትንሽ የወደብ ከተማ ያደርሳችኋል። የባቡሩንና የመርከቡን ትኬት አንድ ላይ መግዛት ስለሚቻል ሲገዙ መጠየቅ ነው። መኪና ይዛችሁ መሻገር ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ዋጋው ከእግረኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ለዚህ ጉዞ መኪና አያስፈልግም። ወደ ደሴቲቱ ለመሻገር ተጨማሪ ቪዛም ሆነ የይለፍ ወረቀት አይጠየቅም፤ ብሪታንያ የገባ ሰው እንደ ማንኛውም የአገሪቱ ክፍል ይሄድባታል።

በአንድ ቀን ደርሳችሁ ለመመለስ ካሰባችሁ ማለዳ ሁለት ሰዓት ከመድረሱ በፊት ከለንደን ተነሡ፤ በእንግሊዞች አቆጣጠር ከ8 ሰዓት በፊት ማለት ነው። ከዚያ ካረፈዳችሁ መንደሩን በሩጫ ማየት ይሆናል። የሚቻል ከሆነ አንድ ሌሊት እደሩ።

ከያርመዝ ወደ ፍሬሽዎተር የሚሄዱ አውቶቡሶች ከመርከቡ ጣቢያ ቅርብ ነው የሚነሡት፤ በሞቃቱ ወራት ላይኛው ፎቁ ክፍት የሆነ የጎብኚዎች አውቶቡስም ይጨመራል። እግር ላለው ሰው ግን ከሁሉም የሚሻለው የእግር መንገዱ ነው። በ1953 አገልግሎቱ የተቋረጠው የባቡር ሐዲድ ተነሥቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ለጥ ያለ መንገድ ሆኗል። ያር የተባለውን ወንዝ በስተቀኝ እያያችሁ፣ በረግረጉ ላይ የሚለቅሙትን የውኃ ወፎች እየተመለከታችሁ፣ ኮዝዌይ እስከተባለው ድልድይ ትዘልቃላችሁ። ከዚያ እስከ ባሕሩ የቀረው ጥቂት ነው። ጠቅላላው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የሚገርመው፣ ይህ ወንዝ የሚመነጨው ከደቡቡ ባሕር አፍንጫ ሥር፣ ከፍሬሽዎተር ቤይ ጀርባ ሆኖ ሳለ ወደ ሰሜን ፈስሶ ነው ሌላኛው ባሕር የሚገባው። ደሴቲቱን በዚህ በኩል ሊቆርጣት ምንም አልቀረው።

ሙዚየሙን አስቀድሙ

ደርሳችሁ ሻይ ሻይ ቢላችሁም ታገሡ፤ መጀመሪያ ሙዚየሙን እዩ። የቆዩ ፎቶግራፎች ብርሃን ስለሚጎዳቸው የሚሰቀሉት ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ነው፤ የደከመ ዓይን ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ብርሃን ጥቃቅኑን ነገር አያይም።

ቤቱን ከውጭ ስታዩ መካከሉ ላይ ማማ አለ። ካሜሮን በ1860 ጎን ለጎን የነበሩ ሁለት ቤቶችን ገዝታ በዚህ ማማ አያያዘቻቸው። ዲምቦላ የሚለው ስም የመጣው ቤተሰቡ በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ከነበረው የቡና እርሻ ነው። ባለቤቷ የቡና እርሻ ነበረው። ከ1869 ጀምሮ የቡና ቅጠል ዝገት የተባለው በሽታ የሲሎንን ቡና እየጨረሰ ሄደና ገበሬው ሁሉ ቡናውን እየነቀለ ሻይ ተከለ። በቡና እርሻ በተሰየመ ቤት ገብታችሁ ሻይ የምትጠጡት እንግዲህ በእንዲህ ያለ ታሪክ ላይ ነው። ቤተሰቡ በ1875 ወደ ሲሎን ሄደ፤ ካሜሮንም እዚያው በ1879 ሞተች። ዓለማየሁ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ከተማ ያረፈውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው።

ካሜሮን የመጀመሪያዋን ካሜራ በስጦታ ያገኘችው በ48 ዓመቷ፣ በ1863 መጨረሻ፣ ከልጇና ከአማቿ ነበር። የከሰል ማከማቻዋን ጨለማ ክፍል አደረገችው፤ የዶሮ ቤቷን ደግሞ በመስታወት አሠርታ ስቱዲዮ። ዶሮዎቹ ተለቀቁ እንጂ አልተበሉም ብላ ተስፋ እንደምታደርግ ራሷ ጽፋለች። የእኛ አገር አንባቢ ይህን ተስፋ በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም።

ፎቶግራፎቹ ፊት ስትቆሙ ይህን አድርጉ። መጀመሪያ ከሁለት እርምጃ ርቀት ፊቱን ተመልከቱ፤ ከዚያ ተጠግታችሁ ጠርዝ ጠርዙን እዩ። የፈሰሰ ነገር የተወው መስመር፣ ጭረት፣ አንዳንድ ጊዜም የጣት አሻራ ታገኛላችሁ። ይህ የመጣው ከአሠራሩ ነው። ካሜሮን አንድን መስታወት ኮሎዲዮን የተባለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ትቀባዋለች፤ የብር ናይትሬት ውስጥ ትነክረዋለች፤ ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ታስገባዋለች፤ አሁንም ሳይደርቅ ሮጣ ጨለማ ክፍል ገብታ ታጥበዋለች። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ፣ አቧራ ካረፈበት፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል። ሌሎች ፎቶ አንሺዎች እንዲህ ያለውን መስታወት ይጥሉታል፤ እርሷ አትጥልም። የዘመኑ ሐያሲዎችም በዚህ ሲነቅፏት ኖረዋል።

ከሁሉ በላይ ልብ ማለት የሚገባው ግን ጊዜው ነው። ተነሺው ሰው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። የዓለማየሁን ፎቶ ከስልካችሁ አውጡና በዚህ ዓይን መልሳችሁ እዩት። ፊቱ ላይ ፈገግታ የለም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ወዲያው ስለ ሐዘኑ ይናገራል፤ ሐዘኑም እውነት ነው፤ አባቱን በኤፕሪል፣ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በሜይ አጥቶ በጁላይ እዚህ ተቀምጧል። ሆኖም በዚህ ቤት ፎቶ የተነሡት ጎልማሶችም ቢሆኑ አይስቁም፤ ያን ያህል ጊዜ ፈገግታን ይዞ መቆየት የሚችል ፊት የለምና። እንግዲህ የትኛው ከሐዘን፣ የትኛው ከካሜራው እንደመጣ ለመለየት ከሌሎቹ ልጆች ፎቶግራፎች ጋር ጎን ለጎን ማስተያየት ይጠቅማል። በዚያው በጋ ቻርልስ ዳርዊን ከቤተሰቡ ጋር ፍሬሽዎተር መጥቶ በካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀምጧል። የዳርዊንን ፎቶ ብታገኙት እርሱንም ከልጁ ጋር አስተያዩት።

ልጆች አብረዋችሁ ካሉ አንድ ጨዋታ አለ። ወንበር ላይ አስቀምጧቸውና ሦስት ደቂቃ በስልክ ቆጥሩላቸው፤ ዓይን ማርገብገብ ይፈቀዳል፣ ራስ ማንቀሳቀስ አይፈቀድም። ከሙዚየሙ ማብራሪያ ሁሉ ይልቅ ይህ ይገባቸዋል።

ፎቶ ማንሣት የሚፈቀድ መሆኑን መግቢያው ላይ ጠይቁ፤ ቢፈቀድም ፍላሽ አትጠቀሙ። ከሠራተኞቹ ጋር መነጋገርም አይቅርባችሁ። ከኢትዮጵያ እንደመጣችሁና ስለ ልዑሉ ልትጠይቁ እንደምትፈልጉ ስትነግሯቸው ጨዋታው ይደራል። ቤቱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሊፈርስ ሲል ለማዳን ተብሎ በተቋቋመ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው የቆመው፤ ስለዚህ መዋጮ ሣጥኑ ውስጥ ጥቂት መጣል ይገባል።

የአትክልት ቦታው

እዚህ ላይ ብዙ አትጠብቁ። የዲምቦላ አትክልት ትንሽ ነው፤ ተቀምጦ ነፋስ ለመቀበል ይበቃል። ብዙ ሰው ፎቶ የሚነሣው አጠገቡ ካለው የጂሚ ሄንድሪክስ ሐውልት ጋር ነው። የጊታሩ ጌታ በ1970 ኦገስት ማብቂያ ላይ እዚህ ቅርብ አፍተን በተባለው ኮረብታ ግርጌ በተካሄደው ፌስቲቫል ተጫውቶ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ነው የሞተው። ሐውልቱ የቆመው በ2006 ነው።

እውነተኛ የአትክልት ፍቅር ያላችሁ ሰዎች በእግር ብዙም ወደማይርቀው ፋሪንግፎርድ እለፉ። ባለቅኔው አልፍሬድ ቴኒሰን ከ1853 ጀምሮ የኖረበት ቤት ሲሆን፣ ካሜሮን ወደዚህ መንደር የመጣችው እርሱን ወዳጇን ተከትላ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በግንብ የታጠረ የጓሮ አትክልት አለው። የሚጎበኘው በወቅቱና ብዙ ጊዜ በቀጠሮ ስለሆነ አስቀድማችሁ መመዝገብ ይኖርባችኋል። በግንብ የሚታጠረው ለጌጥ አይደለም፤ ከባሕር የሚመጣው ጨው ያዘለ ነፋስ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ ግንቡ ግን ነፋሱን ይመክታል፣ ቀን የሞቀውንም ሙቀት ለሌሊት ያቆያል። በደቡብ በኩል የተደገፉት የፍሬ ዛፎች ከሌሎቹ ቀድመው የሚያብቡት ለዚህ ነው።

ሻይ ቤቱ

አሁን ተቀመጡ። በእንዲህ ያሉ ሻይ ቤቶች ብዙ ጊዜ ትእዛዝ የሚሰጠውም ሒሳብ የሚከፈለውም ባንኮኒው ላይ ነው፤ ጠረጴዛችሁን ይዛችሁ ቁጥሩን ተናገሩ፣ እነርሱ ያመጡላችኋል። ይህ ለእኛ ሰው አንድ ችግር አለው። «እኔ ነኝ የምከፍለው» ብሎ መሟገት የሚፈልግ ሰው ሒሳቡ እስኪመጣ ቢጠብቅ ይቀደማል፤ ስለዚህ ቀድሞ መነሣት ነው።

የሚታዘዘው ክሪም ቲ ነው። በአንድ በራድ ሻይ፣ ስኮን የሚባሉ ትንንሽ ዳቦዎች፣ ማርማላታ እና ቅቤ ለመሆን ጥቂት የቀረው የረጋ ክሬም አንድ ላይ ይመጣል። ሻዩን ወዲያው አትቅዱት፤ ሦስት አራት ደቂቃ ይቆይ። ቀረፋና ቅርንፉድ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ጭው ያለ ሊመስለው ይችላል፤ እንግሊዞች ጠንካራ አድርገው ቀድተው ወተት ጠብ የሚያደርጉበት ለዚህ ነው። ስኮኑ ትኩስ ከሆነ በቢላ አትቁረጡት፤ ወገቡ ላይ ስንጥቅ ስላለው በእጅ ሲከፍቱት በራሱ ይላቀቃል፤ የሻካራው ገጽ ማርማላታውን የበለጠ ይይዛል። ክሬሙ ይቅደም ወይስ ማርማላታው በሚለው የዴቨንና የኮርንዎል ሰዎች ሲከራከሩ ይኖራሉ። እኔ ማርማላታውን አስቀድማለሁ፤ ክሬሙ ከላይ ሲሆን አይንሸራተትም።

ጾመኞች ልብ በሉ፦ ስኮኑ ቅቤና ወተት አለበት፣ አንዳንዴም እንቁላል፤ ክሬሙማ ወተት ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ዐቢይ ጾም ከያዛችሁ፣ «ቪጋን» የሆነ ኬክ ወይም ሾርባ እንዳለ ጠይቁ፤ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። የአጃ ወይም የአኩሪ አተር ወተትም በአብዛኛው አይጠፋም። ጾማችሁን ለማስረዳት ረጅም ታሪክ አያስፈልግም፤ «ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አልበላም» ማለት ይበቃል። ቡናም አለ፤ ነገር ግን ከጀበና የወረደ ቡና የለመደ ሰው እዚህ ሻዩን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ባሕሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ኮረብታው

ከዲምቦላ ወደ ባሕሩ የሚወስደው ቁልቁለት አጭር ነው። ዳርቻው አሸዋ ሳይሆን ጠጠር ስለሆነ ሸፋፋ ጫማ ወይም ተረከዘ ረጅም ጫማ አይሆንም። በባሕሩ ውስጥ የቆሙት የኖራ ድንጋይ አምዶች ከገደሉ ተነጥለው የቀሩ ናቸው። አጠገባቸው ሌላ ቅስት የመሰለ አለት ነበረ፤ በ1992 ባሕሩ ናደው። ገደሉ እስከ ዛሬ ይናዳል። ስለዚህ ከግርጌው አትቀመጡ፣ ከአፋፉም ራቁ፤ ልጆችን እጃቸውን ያዙ። ባሕሩ በየቀኑ እየሞላ ይሸሻል፤ ሲሞላ ዳርቻው ስለሚጠብብ ከመውረዳችሁ በፊት የሚሞላበትን ሰዓት እዩ።

ከመንገዱ ዳር ቅድስት አግነስ የምትባል የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን አለች። በገጠር ያደገ ሰው ክዳኗን ሲያይ የጥንት ሊመስለው ይችላል፤ የተሠራችው ግን በ1908 ነው። አምስት ደቂቃ ይበቃታል።

ጉልበት የተረፋችሁ ሰዎች ደግሞ በቴኒሰን ስም ወደተሰየመው ኮረብታ ውጡ። ከፍታው 147 ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ለአዲስ አበባ ሰው የሚያስቅ ቢሆንም የሚነሣው ከባሕር ወለል ስለሆነ ማላቡ አይቀርም። ጫፉ ላይ በ1897 የቆመ ታላቅ የድንጋይ መስቀል አለ። ከዚያ በአንድ በኩል የእንግሊዝ ዋና ምድር፣ በሌላው ማዶው የማይታይ ባሕር ይታያል። ነፋሱ ባርኔጣም ነጠላም ይነጥቃል፤ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ከለንደን ይዛችሁ ውጡ። ለመውጣትና ለመውረድ አንድ ሰዓት ተኩል መድቡ።

ለመመለስ

የመጨረሻውን አውቶቡስ ሰዓት ስትደርሱ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ በተለይ እሑድና በቅዝቃዜው ወራት ከምታስቡት ቀደም ይላል። አውቶቡሱ ቢያመልጥ ወደ ያርመዝ በእግር አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው፤ ታክሲ ግን በመንገድ ላይ አይገኝምና የአንድ ታክሲ ስልክ ቁጥር ከሻይ ቤቱ ጠይቃችሁ ያዙ።

ያደራችሁ ከሆነ በማግሥቱ ወደ ደሴቲቱ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኢስት ካውስ አጠገብ ወዳለው ኦዝቦርን ቤተ መንግሥት ተሻገሩ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዓለማየሁን በዚያው ጁላይ ያየችው እዚያ ነው። ግቢው ሰፊ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ጊዜ ካጠራችሁ የንግሥቲቱ ልጆች ይጫወቱበት ወደነበረው ስዊስ ኮተጅ ወደተባለ ቤት በቀጥታ ሂዱ። ለዘጠኙ ልጆች የተከፋፈለው የአትክልት መደብ፣ የየስማቸው ፊደል የተጻፈባቸው ትንንሽ የእጅ ጋሪዎች እና ልጆቹ የሰበሰቡት ዕቃ የተቀመጠበት ሙዚየም እዚያ አሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ያርመዝ መመለስ አያስፈልግም፤ ከኢስት ካውስ የሚነሣው መርከብ ሳውዝሃምፕተን ያደርሳችኋል፤ ከዚያ ወደ ለንደን ባቡር አለ። ትኬት ስትገዙ ታዲያ የመሄጃውንና የመመለሻውን ለየብቻ ግዙ፤ የሊሚንግተኑ የደርሶ መልስ ትኬት በሳውዝሃምፕተኑ መርከብ አይሠራም።